ካምፐራችን ውስጥ ሌሊት ይዘንባል፣ ውጪ ግን ዝናብ የለም። ምንድነው ነገሩ?

ሐይቅ ዳር (ሀዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እዚህ ካምፕ የሚወጣ ሰው አይጠፋም ብዬ ነው የምጽፈው። አምና ከሀገር ሊወጣ ከነበረ ፈረንጅ ላይ ካምፐር የሚሉትን፣ በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ገዛን፣ ያቺ ስትዘጋ ሳጥን የምትመስለዋን፣ በእጅ እያዞርክ ጣሪያዋን ወደ ላይ ስታነሳት ግን ከፊትና ከኋላ አልጋ የሚወጣላት፣ ግድግዳዋ ሸራ የሆነ። ልጆቹ ሞቱላት፣ እኔም ከሆቴል ወጪ ተገላገልኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

እስካሁን ሶስት ጊዜ ወጣን። መጀመሪያ ላንጋኖ ነው፣ እዛ ሙቀት ስለነበር መስኮቱን ሁሉ ከፍተን አደርን ምንም ችግር የለም። ቀጥሎ ወንዶ ገነት፣ ጠዋት ሸራው ትንሽ እርጥብ ብሎ አገኘነው፣ ጤዛ ነው ብለን ተውነው። ጉዱ የመጣው ለገና በሻሸመኔ በዶዶላ አድርገን ባሌ ተራሮች፣ ዲንሾ የወጣን ጊዜ ነው። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፣ እኛም ዚፕ የተባለ ሁሉ ዘጋን፣ ራት እዛው ውስጥ በጋዝ ሰራን፣ ሽሮ ለእኛ ፓስታ ለልጆቹ፣ ከዛ ሻይ፣ ከዛ ባለቤቴ ብርዱን ለመርሳት ብላ ቡና ደገመች፣ የረጠበውን የልጆቹን ጃኬትም ሰቀልንና ተኛን። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ትንሿ ልጄ "አባዬ ዘነበብኝ" ብላ ቀሰቀሰችኝ። ባትሪ አብርቼ ሳይ ጣሪያው ጠብ ጠብ ይላል፣ ብረቶቹ ላይ ውሃ እንደ ዶቃ ተደርድሯል፣ የላስቲኩ መስኮት ላይ በጣት ስም ትጽፍበታለህ። ዝናብ ነው ብዬ ዘልዬ ወጣሁ፣ ሰማዩ ኮከብ በኮከብ! ጠዋት ደግሞ ፍራሹን ስናነሳው ከስሩ ጣውላው ውሃ አዝሏል። ፍራሽ ተሸክመን ፀሐይ ስንፈልግ ከርከሮዎቹ ቆመው ሲያዩን ነበር፣ ሲስቁብን ነው የመሰለኝ።

አሁን እዚህ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። ትናንት ስከፍታት የሻገተ እንጀራ መሶብ የከፈትኩ ነው የመሰለኝ፣ ስፌቱ ላይም ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ጀምሯል። አንድ ላሜራ ሰሪ አይቷት ጣሪያው ያፈሳል ዙሪያውን ሲሊኮን ልምታበት አለኝ፣ ጎረቤቴ ደግሞ ጨው በሳህን አስቀምጥበት ይላል። ለአድዋ በዓል ድጋሚ ልንወጣ አስበናል፣ ባለቤቴ ግን ይሄ ካልተስተካከለ እግሬን አላነሳም ብላለች። የምታውቁ ተናገሩ።

---

ወሬ ነጋሪ

ፈረንጁ ለምን እንደሸጠው አሁን ገባህ? ሃሃሃ። ይቅርታ፣ ምክር የለኝም ግን ውይይቱን እየተከታተልኩ ነው።

---

የባሌ መንገድ

ወንድሜ፣ እኔ ለብዙ ዓመት እንግዳ ይዤ ባሌ የምመላለስ ሾፌር ነኝ፣ ድንኳን ውስጥ ያደርኩበት ሌሊት ቤቴ ካደርኩበት ሳይበልጥ አይቀርም። ያንተ ነገር ቢያንስ የዛን ቀኑ ማፍሰስ አይደለም። ዝናብ ሳይኖር ምኑ ያፈሳል? ላብ ነው። ውሃው ከውስጥ ነው የመጣው፣ የናንተው ነው።

እንጀራ ሲጋገር አክንባሎውን ስታነሳው ከስሩ ውሃ ይንጠባጠባል አይደል? ማን አፈሰሰበት? እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ መሄጃ ሲያጣ ነው ውሃ የሚሆነው። አንተ ቤተሰብህን አክንባሎ ስር አስተኝተህ ነው ያደርከው።

እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ ሰው ተኝቶ ሲያድር በትንፋሽና በላብ ከሩብ ሊትር በላይ ውሃ ሊያወጣ ይችላል፣ ሁለት አዋቂና ሁለት ልጅ ከሆናችሁ ወደ አንድ ሊትር ልትጠጉ ነው። ጋዙን ጨምርበት፣ አንድ ኪሎ የሲሊንደር ጋዝ ሲነድ አንድ ኪሎ ተኩል የሚያልፍ ውሃ በእንፋሎት መልክ ያወጣል፣ ሰው ይሄን አያውቅም፣ እሳት ያደርቃል ብሎ ነው የሚያስበው። የሽሮው እንፋሎት፣ የጀበናው፣ የተሰቀለው ጃኬት አለ። አየር ደግሞ የሚሸከመው ልክ አለው፣ 20 ዲግሪ ላይ አንድ ሜትር ኪዩብ አየር 17 ግራም ገደማ ውሃ ይይዛል፣ 5 ዲግሪ ሲወርድ ግን 7 ግራም ያህል ብቻ። ማታ ስታበስሉ ውስጡ ሞቆ ነበር፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ አየሩ የማይችለውን የት ያድርገው? ያገኘው ቀዝቃዛ ነገር ላይ ይጥለዋል፣ መጀመሪያ ብረቱ ላይ፣ ከዛ መስኮቱ፣ ከዛ ሸራው።

ሰማዩ ኮከብ በኮከብ ነበር ያልከው ደግሞ ራሱ አንዱ ምክንያት ነው። ደመና የሌለበት ሌሊት ጣሪያ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአካባቢው አየርም በታች ይቀዘቅዛል። ቆርቆሮ ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል፣ በበጋ ጠዋት ዝናብ ሳይዘንብ አሸንዳው ጠብ ጠብ ይላል። ለዛ ነው ላንጋኖ ያልታየህ ዲንሾ የታየህ፣ ዲንሾ እኮ 3,000 ሜትር ያልፋል፣ ሀዋሳ 1,700 አካባቢ ነው።

መፍትሄው የማይወደድ ነው ግን ሌላ የለም፣ ብርድ ቢሆንም መስኮት መክፈት። ሁሉንም አይደለም፣ በአንዱ በኩል ዝቅ ያለ ቦታ በሌላው በኩል ከፍ ያለ ቦታ ዚፑን አንድ ሁለት ስንዝር ክፈት፣ መረቡ ይዘጋ፣ እርጥቡ አየር በላይ ይወጣል ደረቁ በታች ይገባል። ምግብ ውጪ ይሰራ። እርጥብ ልብስ ውስጥ አይሰቀል፣ መኪናው ውስጥ ጣለው። ስታቆምም ጉድጓድ ያለ ቦታና ወንዝ ዳር አትሁን፣ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ነው የሚተኛው፣ ከዛፍ ስር ከሆንክ ደግሞ ጤዛው ይቀንስልሃል (ደረቅ ቅርንጫፍ የሌለበት መሆኑን እይ እንጂ)። ጨው ያልከው ዘግተህ ስታቆማት ትንሽ ትንሽ ይረዳ ይሆናል፣ አራት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ለሚያወጣው ውሃ ግን ጨው በሳህን ማለት ሐይቁን በሲኒ መጭለፍ ነው።

---

ቅዳሜ ጉዞ

እኛም ባለፈው ድንኳን ይዘን ወጥተን እንደዚሁ ረጥቦ ነበር፣ ቀላል ነው ብሮ። ከመተኛትህ በፊት ከሰል በደንብ አቀጣጥለህ ጭሱ እስኪያልቅ ውጪ አቆየው፣ ፍሙ ሲቀላ አስገባውና ዝጋው፣ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረቅ ይላል፣ ሞቅ ብሏችሁም ትተኛላችሁ።

---

እናት ነርስ (አዳማ)

ኧረ በእግዚአብሔር! ከላይ ያለው ልጅ የጻፈውን ማንም እንዳያደርገው፣ አንተም ወንድሜ እባክህ አጥፋው። "ጭሱ አልቋል ፍሙ ቀልቷል" የሚለው አባባል ነው ሰው የሚጨርሰው። የሚገድለው የሚታየው ጭስ አይደለም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ነው፣ ቀለም የለው ሽታ የለው፣ ፍሙ ቀልቶ ሲያምርም ይወጣል። ደም ውስጥ የኦክስጂንን ቦታ ይይዝና አንጎል ሳያውቀው እንቅልፍ ይጫጫንሃል፣ በቃ አትነሳም። ድንኳንም ሸራ ቤትም ያው ክፍል ማለት ነው፣ ሸራ ስለሆነ ያስተነፍሳል እንዳትሉ፣ የረጠበ ሸራ አየር ማሳለፉን ይቀንሳል።

እኔ ድንገተኛ ክፍል ሰርቻለሁ፣ በክረምት ከሰል አስገብተው ተኝተው የመጡ ቤተሰቦች አይቻለሁ፣ ከዛ በላይ አልጽፍም። አንድ ነገር ግን ያዙ፣ ካምፕ ላይ ሆናችሁ ሁላችሁም አንድ ላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ከጀመራችሁ ምግብ ነው ከፍታው ነው እያላችሁ አትከራከሩ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ውጪ ውጡና ከዛ ሐኪም ቤት። ወደ ውጪ የሚወጣ ጭስ ማውጫ የሌለው የጋዝ ማሞቂያም ተኝተው ሲያድሩበት ያው ነው፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ አነዳደዱ ይባስ ይበላሻል። ባለ ካምፐሩ ወንድሜ፣ አንተም ራት ውስጥ ሰርተህ ዚፕ ሁሉ ዘግተህ ነበር ብለሃል፣ እርጥበቱ ነው እንጂ ሌላው ስላልመጣባችሁ ተመስገን በል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲኖር የሚጮህ ትንሽ በባትሪ የሚሰራ መሳሪያ አለ፣ ውጪ ሀገር ዘመድ ካላችሁ አስመጡ።

---

ቅዳሜ ጉዞ

እሺ እህቴ እንደዚህ መሆኑን አላወቅኩም ነበር፣ እውነት ለመናገር በማግስቱ ሁላችንም ራሳችንን አሞን ነበር፣ ካቲካላው ነው ብለን ነው። ማጥፋት እዚህ አይቻልም መሰለኝ፣ ማንም እንዳያደርገው።

---

ሸራ ሰፊው (አዳማ)

እኔ ደግሞ ስለ ሸራው ልናገር፣ ስራዬ ነው፣ የአይሱዙ ሸራ፣ ቴንዳ፣ ድንኳን እሰፋለሁ። ባሌ መንገድ የተናገረው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ሻጋታውን ማንም አልነካውም፣ እሱ አሁን ካልተያዘ ላዩ ላይ የምታየው ነጠብጣብ ክሩን ይበላዋል፣ ከዛ በኋላ እኔም አላድንህም።

መጀመሪያ ሸራህ ምን እንደሆነ እይ። የጥጥ ከሆነ (ስትዳስሰው ጨርቅ ጨርቅ የሚል) ይተነፍሳል፣ ፕላስቲክ የተቀባ ከሆነ አይተነፍስም፣ ላቡም ይብሳል። ሻጋታውን በደረቁ በለስላሳ ብሩሽ ውጪ አራግፈው፣ አፍና አፍንጫህን ሸፍን። ከዛ አቼቶ ከውሃ እኩል ደባልቀህ ቀባው፣ መጀመሪያ ግን ማይታይ ጥግ ላይ ሞክረው ቀለሙን እንዳይለቅ። አንድ ሰዓት ያህል ተወው፣ በንጹህ ውሃ አስለቅቀው፣ ፀሐይና ነፋስ ላይ እስኪደርቅ፣ እስኪደርቅ ስልህ ከላይ ደረቅ ስላለ አይደለም ስፌቱ ጭምር። ጥቁሩ ምልክት ላይለቅ ይችላል፣ ይቅር፣ ሽታው ከጠፋና ካልተስፋፋ ሞቷል ማለት ነው። በረኪና አታስነካው፣ ክሩንም ውሃ መከላከያውንም ይጨርሰዋል፣ በተለይ በረኪናና አቼቶ በአንድ ላይ እንዳታደርግ፣ መርዛም የክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው። የዱቄት ሳሙናም ይቅርብህ፣ ሸራ ውሃ እንዳያስገባ የተነከረበትን ነገር ያጥበዋል።

ሁለተኛ፣ እርጥብ ሸራ አጣጥፎ መዝጋት ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው። እርግጠኛ ነኝ አንተም ከዲንሾ ስትመለስ ጠዋት በችኮላ ዘግተህ ነው የተመለስከው፣ ከዛ ግቢ ውስጥ አቁመህ ረሳሃት። መቼስ መንገድ ላይ ነህና ዝጋው፣ ግን ቤት በደረስክ ቀን ወይ በማግስቱ ክፈተው። ሻጋታ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አይጠብቅህም። እኛ አዳማ በዚህ እድለኞች ነን፣ ነፋሱ አቧራ ያበላናል እንጂ ሸራ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም፣ የነፋስ ተርባይን የተከሉብን በከንቱ አይደለም። እናንተ ሐይቅ ዳር ስለሆናችሁ ከረፋዱ እስከ ማታ ስጡት።

ፍራሹስ? ስፖንጅ በቀጥታ ጣውላ ላይ ከተኛ የሰውነትህ እርጥበት በስፖንጁ አልፎ ቀዝቃዛው ጣውላ ጋ ሲደርስ ውሃ ይሆናል፣ የአልጋው ስር ደግሞ ባዶ አየር ላይ የተንጠለጠለ ነው። አናጢ ጋ ሂድና ቀጭን የእንጨት ርብራብ አሰራ፣ ሁለት ሶስት ሳንቲም ከፍ ቢል ይበቃል፣ ከስሩ አየር ይዙር። ለጊዜው ከሆነ ሰሌንም ይሰራል፣ የድሮ ሰዎች ሰሌን ከፍራሽ ስር ያነጠፉት ለጌጥ መሰላችሁ?

---

ወሬ ነጋሪ

እኔ ቀልዴን ይዤ መጥቼ ትምህርት ቤት ገባሁ። አንድ ጥያቄ፣ ታድያ ላሜራ ሰሪው ሲሊኮን ልምታ ያለው ዝም ብሎ ገንዘብ ሊበላ ነው?

---

የባሌ መንገድ

እሱንም አንኮንነው ሳያዩ። መፈተሽ ቀላል ነው፣ ፀሐይ ባለበት ቀን ውስጧ ደረቅ ሲሆን አንድ ሰው ጣሪያው ላይ በጎማ ወይ በጀሪካን ቀስ እያለ ውሃ ያፍስስ፣ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ ሌላው ውስጥ ባትሪ ይዞ ጥግ ጥጉን ይይ። ቀን ከገባ ማፍሰስ ነው። ማፍሰስ አንድ ቦታ ላይ መስመር ሰርቶ ይወርዳል፣ ላብ ደግሞ ቀዝቃዛ ነገር ላይ ሁሉ ይበተናል።

---

ሐይቅ ዳር (ሀዋሳ)

ወንድሞቼ እህቴም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሸራ ሰፊው ደግሞ ግቢዬ ውስጥ ቆመህ ያየኸኝ ነው የሚመስለው፣ አዎ እርጥቧን ዘግቼ ነው የመጣሁት፣ ለ11 ቀን አልከፈትኳትም።

የሰራሁትን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ልጄ ጣሪያው ላይ በጎማ ውሃ ለቀቀ፣ እኔ ውስጥ ተቀመጥኩ። ከሞላ ጎደል ደረቅ ነው፣ ከበሩ በላይ ባለው ጥግ ብቻ የድሮው ሲሊኮን ተሰንጥቆ ትንሽ መስመር ሰርቶ ወረደ። ስለዚህ ላሜራ ሰሪው ሩብ ያህል ልክ ነበር፣ እሱን ጥግ ብቻ ፍቆ አዲስ አደረገበት፣ ዙሪያውን ሊመታ የነበረውን አስቀረሁት፣ ትንሽ ቅር ብሎታል።

ቅዳሜ ማታ ከልጄ ጋር ሁሉንም ዘግተን እዛው ግቢ ውስጥ አደርን፣ ጠዋት መስኮቱንና ብረቱን በደረቅ ፎጣ ጠርጌ ፎጣውን ጨመቅኩት፣ የሻይ ብርጭቆ ከግማሽ በላይ ሞላ። ምንም ሳናበስል፣ ሀዋሳ ላይ፣ ሁለት ሰው! እሁድ ማታ ደግሞ ባሌ መንገድ እንዳለው በሩ ጋ ከታች፣ ማዶ በኩል ከላይ ዚፑን ሁለት ሁለት ስንዝር ከፍተን አደርን፣ ጠዋት መስኮቱ ጥግ ላይ ትንሽ ጉም አለ እንጂ ፎጣው ስጨምቀው አንዲት ጠብታም አልወጣው። አላመንኩም ነበር። ለልጄም እንደ ትምህርት ሆነለት፣ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለጓደኞቹ "ይሄ የኔና የአባዬ ትንፋሽ ነው" እያለ ሲያሳይ ዋለ።

አቼቶውንም ቀብቼ ሽታው ሄዷል፣ ነጠብጣቡ ግን ደብዝዞ አለ። ርብራቡን አናጢ ጋ አዝዣለሁ።

አሁን የቀረኝ ብርዱ ነው። እዚህ ሀዋሳ መስኮት ከፍቶ ማደር ቀላል ነው፣ ዲንሾ ላይ ግን ባለቤቴ ምን ትለኛለች?

---

የባሌ መንገድ

ሰውን አሙቅ፣ ቤቱን አይደለም። ብርድ ከታች ነው የሚገባው፣ ጣውላው ላይ መኪና መስታወት ላይ የሚደረገውን ብርማ የፀሐይ መከላከያ አንጥፍ፣ ከርብራቡ ስር ሆኖ። ለልጆቹ ኮፍያ፣ ደረቅ ካልሲ፣ ቀን የለበሱትን ይዘው አይተኙ ላብ ይዟል። ከላይ ብርድ ልብስ በላዩ ጋቢ። የጎማ ሙቅ ውሃ መያዣ ካገኘህ እግራቸው ስር፣ ክዳኑን አጥብቀህ። ፊታቸውን ብርድ ልብስ ውስጥ ከተው እንዳይተነፍሱ፣ ብርድ ልብሱ ይረጥብና ኋላ ይበርዳቸዋል። ጠዋት ደግሞ ከሁሉ በፊት ፎጣ ይዘህ ብረቱን ጥረግ፣ ፀሐይ ሲወጣ ያ ውሃ ተመልሶ አየር ውስጥ ከመግባቱ በፊት።

---

ሸራ ሰፊው (አዳማ)

ምግብ ውጪ ይሰራ ከተባለ ቴንዳ ያስፈልግሃል፣ በሩ ላይ የሚወጠር። የበሩን ጎን ርዝመትና የጣሪያውን ከፍታ ለክተህ እዚሁ ጻፍልኝ። ዳር ዳሩ ክፍት ነው የሚሆነው፣ ሶስቱን ጎን ዝጋልኝ ካልክ አልሰራም፣ ነርሷ እህታችን ትጣላኛለች።

---

እናት ነርስ (አዳማ)

እጣላሃለሁ።

---

ሐይቅ ዳር (ሀዋሳ)

ነገ ለክቼ እጽፋለሁ። ባለቤቴ ውይይቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው፣ እሺ እሄዳለሁ ብላለች፣ ግን ውጪ ብርድ ላይ ቆሞ ሽሮውን የሚሰራው አንተ ነህ አለች።